ጠብታ ፍለጋ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። የእጅ ባትሪ ይዤ ወለሉ ላይ ተንበርክኬያለሁ። ከፊቴ በውሃ እንዲቀዘቅዝ የምገጥመው፣ አንድ ጎኑ የተከፈተ ኮምፒውተር አለ፤ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ ማዘርቦርዱ፣ ግራፊክስ ካርዱና ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዩ በነጭ ሶፍት ተሸፋፍነዋል። ከፓምፑ በስተቀር ኤሌክትሪክ የደረሰው ዕቃ የለም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ውሃው በቱቦዎቹ ውስጥ ይዞራል፤ እኔም በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሣሁ ሶፍቱን ቦታ በቦታ በጣቴ እዳስሳለሁ። ዘጠኝ ጊዜ ደረቅ ነበር። በአሥረኛው፣ ስሌቱን ከሚሠራው ከፕሮሰሰሩ ግርጌ ባለው ሶፍት ላይ የሃምሳ ሳንቲም የምታህል እርጥብ ክብ አገኘሁ።

ልቤ ድንግጥ አለ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ያን ሁሉ ሶፍት ያነጠፍኩት፣ እንቅልፌንም የተውኩት ለዚህች ጠብታ ነበር። ዛሬ ካላገኘኋት አንድ ቀን፣ እኔ በሌለሁበት፣ ኤሌክትሪክ በሚዞርበት ሰዓት ራሷ ታገኘኝ ነበር።

ሥራዬ አርክቴክቶች የነደፉትን ሕንፃ ገና ሳይገነባ ተገንብቶ እንዲታይ ማድረግ ነው። ግድግዳው ላይ ፀሐይ ያርፋል፣ መስታወቱ ሰማዩን ያንጸባርቃል፣ በረንዳው ላይ ጥላ ይወድቃል። ይህንን ሁሉ ብርሃን የሚያሰላው ኮምፒውተሩ ነው፤ አንዱ ምስል ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዱም ሰዓታት ይወስዳል። ስለዚህ ማታ አዝዤው ተኝቼ ጠዋት ምስሉን አገኛለሁ። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። የሥራ ጠረጴዛዬና የሁለት ዓመት ልጃችን አልጋ ያሉት በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት የቀድሞው ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ነበር። ልጃችን ትባንናለች፣ ባለቤቴ ትነሣለች፣ እኔ ሥራውን አቋርጣለሁ፣ ጠዋት ደንበኛው ምስሉ የት አለ ይላል። አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ።

ጩኸቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ማራገቢያ ገዝቼ እገላገል ነበር። ፕሮሰሰሬ ኤኤምዲ ራይዘን 7 5800ኤክስ ነው፤ አምራቹ የሙቀቱን ጣሪያ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርጎታል። እዚያ ሲደርስ ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። የእኔው በየሌሊቱ እዚያ ይደርስ ነበር። በውጭ አገር ያሉ ሰዎች በዚያው ማራገቢያ ከእኔ በብዙ ዲግሪ ዝቅ ያለ ሙቀት እንደሚያገኙ አይቼ፣ ዕቃው ጉድለት ያለበት መስሎኝ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ጉድለቱ ግን የዕቃው አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው የሚገፋው የአየር መጠን ያው ይሁን እንጂ በዚያ አየር ውስጥ ሙቀት የሚሸከመው ነገር ጥቂት ነው። ሩጫ የሚሮጥ ሰው ሳንባው የሚያውቀውን ነገር የእኔ ኮምፒውተርም ያውቀው ነበር።

ይህን ስረዳ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው።

አባቴ ለረጅም ዓመታት ፊያት ኤን ትሬ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። መስመሩ ጎጃምና ጎንደር ነበር። በክረምት ዕረፍት አንዳንዴ ይዞኝ ይሄድ ነበርና የዓባይን በረሃ ያወቅሁት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ነው። ከጎሃ ጽዮን መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወደ ደጀን ይወጣል። ጭነት የያዘ መኪና ያንን ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ሞተሩ ይግላል። ነፋሱ ሞቃት ነው፤ መኪናው ዝግ ብሎ ስለሚሄድም ራዲያተሩ ላይ የሚያልፈው አየር ትንሽ ነው። አባቴ የሙቀት መለኪያውን መርፌ በዓይኑ ጥግ እያየ ይነዳል፤ መርፌው ከአንድ ቦታ ሲያልፍ ዳር ይይዛል። ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል። ከዚያ እንቀመጣለን። ጀሪካኑ ሙሉ ውሃ አጠገባችን ነው፣ ራዲያተሩ ውሃ ይፈልጋል፣ እኛ ግን እንቀመጣለን።

«ለምን አትጨምርበትም አባዬ?» ብዬው አውቃለሁ።

የግራ ክንዱን እጅጌ ሰብስቦ አሳየኝ። ከክርኑ በታች ቆዳው የተኮማተረ፣ ከሌላው ሰውነቱ ቀለሙ የተለየ ሰፊ ጠባሳ አለው። ወጣት ረዳት ሳለ ራዲያተር በጋለበት ሰዓት ክዳኑን ከፍቶ ነው። ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ውሃው መፍላት ካለበት ሙቀት አልፎ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግን ያ ሁሉ ውሃ በቅጽበት ይፈላና ይፈናጠራል። «ውሃ ይታገሣል፤ ስትቸኩልበት ነው የሚቆጣው» አለኝ። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ኮምፒውተሬን በውሃ አቀዘቅዛለሁ ብዬ በስልክ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «ራዲያተር አለው ማለት ነው?» አለ። አለው አልኩት። «እንግዲህ መኪና ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህን ነገር በየቤታቸው የጀመሩት ሰዎች ለኮምፒውተር የተሠራ ራዲያተር ስላልነበራቸው ከአሮጌ መኪና ላይ የነቀሉትን ይጠቀሙ ነበር። የመኪናውን ውስጥ የሚያሞቀውን ትንሹን ራዲያተር ይፈቱታል፣ የዓሣ ማቆያ ገንዳ ፓምፕ ያገናኙበታል፣ መዳብ ቦርቡረው ፕሮሰሰሩ ላይ ያስሩታል። ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ ከዚያም ቀድመው ውሃን ያውቁት ነበር፤ አይቢኤም በ1960ዎቹ የሠራው ሲስተም 360 ሞዴል 91 በውሃ ይቀዘቅዝ ነበር። በ1985 የወጣው ክሬይ 2 ደግሞ የውስጥ አካሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ይሠራ ነበር። እኔ ያሰብኩት ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው፦ አንድ ፓምፕ፣ አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጥ አንድ የመዳብ ብሎክ፣ ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር ማራገቢያ የሚይዝ አንድ ራዲያተርና ሁለት ሜትር ቱቦ።

ዕቃውን እዚህ መፈለግ የጀመርኩት ከአንድ ሱቅ ነው፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ያገለገለ ራዲያተር አለ አሉኝ። ሙሉ በሙሉ መዳብ ነው ብለው ማሉልኝ፤ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ጥቁሩን ቀለም ከአንድ ጥግ ላይ በቢላ ስፍቀው ከሥሩ ነጭ ብረት ወጣ፤ አልሙኒየም ነው። ሲመለከቱት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን አልሙኒየምና መዳብ በአንድ ውሃ ከተገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ። በሁለቱ መካከል ጥቂት ኤሌክትሪክ ይመላለሳል፤ አልሙኒየሙም ቀስ በቀስ ይበላል። የተበላው ብረት ውሃው ውስጥ ይበተንና በመዳቡ ብሎክ ውስጥ ያሉትን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቦዮች ይደፍናቸዋል። ሱቁ ገንዘቤን አልመለሰም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ሳይሆን ማሉልኝ ያልኩት መሐላ ነው። ለሚገዛው ሰው የብረቱ ዓይነት የሞትና የሽረት ጉዳይ መሆኑን ሻጩ ቢያውቅ ኖሮ «አላውቅም» ቢለኝ በቂ ነበር።

ዱባይ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ደረሰችልኝ። ቡር ዱባይ ኻሊድ ቢን አል ዋሊድ የሚባለው መንገድ ላይ የኮምፒውተር ሱቆች ተደርድረዋል፤ በዕረፍት ቀኗ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ከመዳብና ከናስ የተሠራ ራዲያተር፣ ፓምፕ፣ ብሎኩን፣ ቱቦና መጋጠሚያዎች ገዛችልኝ። ሻንጣዋ ውስጥ ለእናታችን በገዛችው ብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣችው። ቦሌ ላይ ሻንጣው ሲከፈት የጉምሩኩ ሠራተኛ ራዲያተሩን አንሥቶ እያገላበጠ «የሞተር ሳይክል ነው?» ብሎ ጠየቃት። «የወንድሜ ኮምፒውተር ነው» ስትለው ደግሞ አያት፣ ደግሞ ራዲያተሩን አየ። «ኮምፒውተር ውሃ ይጠጣል እንዴ?» አላትና ቀረጡን አስከፍሎ አሳለፋት። ይህንን ስትነግረኝ ያ ሰው ልክ ነው ብዬ አሰብኩ። ውሃና ኤሌክትሪክ እንዳይገናኙ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንገሠጽ የኖርን ሰዎች ነን።

ውሃ ኮምፒውተሩን ያቀዘቅዛል ስንል ግን አባባሉ ያሳስታል። ውሃ ሙቀትን የትም አያጠፋም። ይሸከማል። የፕሮሰሰሬ ስሌት የሚካሄድባት ቁራጭ ሲሊኮን ስፋቷ 80 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ናት፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ታንሳለች። ከዚያች ቦታ የድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል ያህልና ከዚያ በላይ ሙቀት ይወጣል። አምፖሉን በእጁ ነክቶ የሚያውቅ ሰው ያ ሁሉ ሙቀት በጥፍር ላይ ሲሰበሰብ ምን እንደሚሆን ይገምታል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው ሙቀት አንድ ሊትር አየር ከሚሸከመው 3,500 ጊዜ ገደማ ይበልጣል፤ ይህም በባሕር ጠለል ሲለካ ነው፤ በእኛ ስስ አየር ልዩነቱ ይሰፋል። መጨረሻ ላይ ራዲያተሩም ሙቀቱን የሚያስረክበው ለዚያው ለስስ አየር ነው። ነገር ግን ጥፍር ከምታህል ቦታ ተነሥቶ በብዙ ቀጫጭን ክንፎች ላይ ተዘርግቶ ነው የሚያስረክበው፤ ስለዚህ ማራገቢያዎቹ መጮህ አያስፈልጋቸውም።

ከሁሉ ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ፕሮሰሰሩ ከ70 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲሠራ ውሃው ራሱ ከ40 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ፓምፑ በደቂቃ አራት ሊትር ቢያዞር፣ ውሃው በመዳቡ ብሎክ አልፎ ሲወጣ ከገባበት የሚሞቀው በግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ራዲያተሩ ከፓምፑ በፊት ይሁን በኋላ፣ ብሎኩ የትኛውን ይቅደም እያልኩ ወረቀት ላይ ስስልና ስሰርዝ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ትርጉም የላቸውም። መላው ውሃ አንድ ዓይነት ሙቀት ይዞ ነው የሚዞረው። ቅደም ተከተሉ የሚያስፈልገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማጠራቀሚያው ከፓምፑ በላይና በፊት መሆን አለበት፤ ፓምፑ የሚቀባውም የሚቀዘቅዘውም በዚያው በሚገፋው ውሃ ስለሆነ ደርቆ ከዞረ ይበላሻል።

ለውሃው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። የባትሪ ውሃ ስጡኝ ስል ልጁ «አሲዱን ነው ወይስ ዲስቲልዱን?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ስለጠየቀኝ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። የቧንቧ ውሃ እንዳይሞከር። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በእነዚያ ቀጫጭን ቦዮች ውስጥ ሲጋገር አስቡት። ዲስቲልዱ፣ ማለትም ተንኖ የተጣራው ውሃ ላይ እህቴ ካመጣችው ዝገትና አልጌ የሚከላከል ፈሳሽ በልኩ ጨመርኩበት። ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና ቢፈስም ግድ የለም የሚሉ አሉ፤ ልብ አይጣልባቸው። ንጹህነቱ ብረትና አቧራ እስኪነካ ድረስ ነው።

ራዲያተሩን አምስት ጊዜ አጠብኩት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እጥበቶች ከፋብሪካው የቀረ ጥቁር ብናኝ ወጣ። ቱቦውን በስለት ስቆርጥ ጫፉ ቀጥ ያለ እንዲሆን ወረቀት ጠቅልዬበት መስመር አሰመርኩ። ፕሮሰሰሩ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ቴርማል ፔስት፣ ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት፣ አድርጌ ብሎኩን አስቀመጥኩና አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ አንድ ጊዜ ከዚህ፣ አንድ ጊዜ ከዚያ ጥግ እያፈራረቅሁ አጠበቅኋቸው። አባቴ የጎማ ብሎን የሚያጠብቀው እንዲሁ ነው፤ ሲያደርግ አይቼው እንጂ ነግሮኝ አያውቅም። ከዚያ የፓወር ሰፕላዩን ትልቁን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅዬ፣ ማብሪያውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘሁትና ለፓምፑ ብቻ ኃይል ሰጠሁት። ውሃው በቱቦው ውስጥ ሲሮጥ፣ ከፊቱ አረፋ ሲገፋ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ሲገባ እንደ ዝናብ ሲንሿሿ ሰማሁት። ልጄ ነቅታ መጥታ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ አየችው። «ውሃ!» አለች።

እናም በአሥረኛው ዳሰሳ ያቺ እርጥብ ክብ።

ፓምፑን አጠፋሁ። ቱቦውን በፒንሳ ያዝ አድርጌ መጋጠሚያውን ፈታሁት። ከሥሩ ያለችው ጥቁር የጎማ ቀለበት በቦይዋ ውስጥ መቀመጥ ሲገባት አንድ ጎኗ ወጥታ በብረቱ ተቆንጥጣለች። ቁንጥጫው በዓይን እምብዛም አይታይም፤ በጥፍር ሲነኩት ግን ያደናቅፋል። ስገጥማት ቸኩዬ ነበር። የመጨረሻው መጋጠሚያ ስለነበረ፣ ስለመሸም፣ ውሃው ሲዞር ለማየት ስለጓጓሁም። ከትርፎቹ አንዲት አዲስ ቀለበት አውጥቼ በውሃ አረጠብኳትና በጣቴ ዙሪያዋን እየተከተልኩ ቦይዋ ውስጥ አስቀመጥኳት። በእጄ ብቻ አጠበቅሁት። ሌሎቹን ሰባቱንም መጋጠሚያዎች ፈታሁ፤ አንዱ ከተሳሳተ ሌላው ላለመሳሳቱ ምን ማረጋገጫ አለኝ? ሶፍቱን በሙሉ ቀየርኩ። ሰዓቱን ከዜሮ ጀመርኩ።

ጠዋት አባቴን ደወልኩለት። ጠብታዋን ነገርኩት። «ደግ ነው» አለ። «አየሩንስ አስወጣኸው?» አላስወጣሁትም ነበር። ውሃው ውስጥ የቀረው አየር ራዲያተሩ ጥግ ይሸሸግና ውሃው የሚያልፍበትን ቦታ ይይዛል፤ ፓምፑም ያንጎራጉራል። «መኪናውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው፤ ከዚያ ወደ ሌላው። ክዳኑን ክፍት ተወው» አለኝ። ኮምፒውተሩን ነው መኪናው ያለው። ሳጋድለው ከራዲያተሩ ውስጥ አረፋው እየተንዶቀዶቀ ወደ ማጠራቀሚያው ወጣ፤ የውሃው ልክም በሁለት ጣት ዝቅ አለ። ጨመርኩበት። ደግሜ አጋደልኩት። እስከ ማታ ድረስ በየሰዓቱ እንዲህ ሳደርግ ዋልኩ። ድፍን ሃያ አራት ሰዓት ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ካለፈ በኋላ ነው ትልቁን ገመድ የሰካሁት።

አሁን በዚያው ሥራ፣ በዚያው ክፍል፣ ፕሮሰሰሩ 76 ዲግሪ ላይ ይረጋል። ሃያ ደቂቃ ይወስድ የነበረው ምስል አሥራ ስምንት ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። በፍጥነት በኩል ያተረፍኩት ይኸው ነው፤ ለዚህ ብቻ ብሎ ይህን ሁሉ ገንዘብና ድካም የሚያወጣ ሰው ካለ አልመክረውም። ከፋብሪካ ታሽገው የሚመጡ፣ ውሃ መሙላት የማያስፈልጋቸው የውሃ ማቀዝቀዣዎች አሉ፤ ለብዙ ሰው እነርሱ ይበቃሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ሰው ደግሞ ከውሃው በፊት መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይግዛ። እኔ የፈለግሁት የሌሊቱን ጸጥታ ነበር፤ አግኝቼዋለሁም። ማታ ሥራውን አዝዤ መብራቱን ሳጠፋ የምሰማው የልጄን ትንፋሽ ነው። የፓምፑን ድምፅ ለመስማት እጅን ሣጥኑ ላይ ማሳረፍ ይጠይቃል።

ዓመቱ ሲሞላ አባቴ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥቶ እኛ ዘንድ አረፈ። ውሃው የሚቀየርበት ጊዜም ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና መጀመሪያ መዳፉን ከራዲያተሩ ጀርባ አቆየ፤ ለብ ያለውን ነፋስ ለረጅም ጊዜ ሲያዳምጥ እንደቆየ ሰው ነበር የሚመስለው። «ሲቀዘቅዝ ትከፍታለህ» አለኝ። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። ውሃው ለብ ያለ ብቻ እንደሆነ፣ እጅ እንደማያቃጥል ነገርኩት፤ ሰማኝ። ሆኖም ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥን፤ ባለቤቴ ቡና አቀረበች።

ከዚያ ቱቦውን ወደ ብርጭቆ አወረድኩት። አባቴ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየው። ነጭ ወረቀት አምጡልኝ አለና ከጀርባው አድርጎ ዳግመኛ አየው። ጣቱን ነክሮ በአውራ ጣቱ አሻሸው፤ አሸተተው።

«ዝገት የለውም» አለ።

አዲሱን ውሃ መርፌ በሌለው ትልቅ ሲሪንጅ እየቀዳሁ ስሞላ ልጄ ከጎኑ ቆማ ታያለች። የእጅ ባትሪውን እርሱ ያዘልኝ። ብርሃኑን ከአንዱ መጋጠሚያ ወደ ሌላው፣ ሳይቸኩል፣ በየተራ እያዞረ እያንዳንዱ ሥር ላይ ያሳርፈዋል። ስምንቱንም ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።